ዘፈኑ ሲጫወት ስክሪኑ ላይ የሚጨፍረው ምንድን ነው?

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርሰውን መንገድ ይዘው ዘመድ ጥየቃ ሄደው ከሆነ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን ከሚጭኑት ጠባብ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ሳያልፉ አልቀሩም። ዘፈኑ ለአላፊ አግዳሚው በትልቅ ስፒከር ይለቀቃል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ስክሪኑን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ከምቱ ጋር ብድግ ቁጭ የሚሉ ባለቀለም ዘንጎችን ያሳያል። ልጆች ይህን ሲያዩ ከቦታው አይነቃነቁም። ቤት ሲመለሱም “እኛም ቲቪው ላይ እናድርገው” ማለታቸው አይቀርም።

እርስዎም እሺ ብለው ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኛሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ምስሉ ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። ዘፈኑ ያው ነው፣ ፍላሹም ያው። ታዲያ ለምን?

መልሱ ያለው ምስሉ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ቪዥዋላይዘር የሚባለው ይህ ምስል አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ አይደለም። ማጫወቻው ድምፁን በየቅጽበቱ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ጉልበት ወደ ቁመት፣ ወደ ቀለም ወይም ወደ እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። የከበሮው ዱም ዱም በግራ ያሉትን ዘንጎች ሲያነሣ፣ የጭብጨባው ጧ ጧ በቀኝ ያሉትንም ይነካል። ሐሳቡ የቆየ ነው። የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሙዚቃ ማጫወቻና በቴሌቪዥን መካከል የሚገናኝ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ሣጥን ለገበያ አቅርቦ ነበር። ብዙዎቻችን የተዋወቅነው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ዊንአምፕ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ራያን ጋይስ የተባለ ባለሙያ ለዊንአምፕ የሠራው ሚልክድሮፕ እስከ ዛሬ የሚወደድ ነው፤ በእኔ ዓይን ከእሱ የተሻለ አልመጣም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስልዎ። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ስክሪን በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት፤ በጠቅላላው ከሁለት ሚሊዮን በላይ። ምስሉ ሳይንተባተብ እንዲፈስ በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢሣል፣ ኮምፒውተሩ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም ይቀባል ማለት ነው። ለዚህ የተፈጠረው የግራፊክስ ቺፑ ነው። እሱ ሥራውን ካልያዘ ዋናው ፕሮሰሰር ይሸከመዋል፤ ላፕቶፑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ሙዚቃ እየሰሙ ከሆነ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት ይኸው ምስል ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የማየውን ነገር ልንገርዎ። ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሳይጫን ይቀራል። ለጽሑፍ ሥራ ችግሩ ስለማይታወቅ ባለቤቱ ልብ አይለውም። ዊንዶውስ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱና “ዲስፕሌይ አዳፕተርስ” የሚለውን ይመልከቱ። የቺፑ ስም በመጻፍ ፈንታ “ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር” የሚል ካገኙ ምክንያቱን አገኙት። አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ድራይቨሩን ያስጭኑ። ድራይቨሩ ኖሮም ከከበደው፣ የምስሉን መስኮት ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ያሳንሱት፤ ሥራው ወደ ሩብ ይወርዳል።

የቀረው ልዩነት ከኮምፒውተሩ ዓይነት የሚመጣ ነው። ሚልክድሮፕ የተሠራው ዳይሬክትኤክስ በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ላይ ስለሆነ ማክና ሊነክስ ላይ እንዳለ አይሄድም። ለእነሱ ፕሮጀክትኤም የሚባል፣ የሚልክድሮፕን ምስሎች በሌላ መንገድ የሚሥል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ማክ ያላችሁ ግን ምንም መጫን አያስፈልጋችሁም፤ ሙዚቃ ማጫወቻው ተከፍቶ ሳለ የኮማንድ ቁልፍን ከቲ ፊደል ጋር መጫን ይበቃል። በሦስቱም ላይ የሚሠራው ቪኤልሲ ሲሆን፣ “ኦዲዮ” በሚለው ዝርዝር ውስጥ “ቪዥዋላይዜሽንስ” የሚለውን ይጫኑ። በውስጡ ካሉት “ስፔክትረም” የተባለው ቀላል ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ኢንተርኔት አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ፍላሽ ላይ ያለ ዘፈን ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል።

አሁን የጎጃም ማሲንቆ ይክፈቱ። ምናልባት ያዝኑ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ምስሎች የሚነቁት በቤዝ ነው፣ ማሲንቆ ደግሞ ባለ አንድ ክር ሆኖ ድምፁ መሐል ላይ የሚሰበሰብ ነው። ከበሮ ካልታከለበት የግራዎቹ ዘንጎች ተኝተው ይውላሉ። ሚልክድሮፕና ፕሮጀክትኤም ግን ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ የሚለኩት ዘፈኑ ጥቂት ቀደም ሲል ከነበረበት አማካይ ጋር እያነጻጸሩ ነው። ስለዚህ አዝማሪው ክሩን ጠበቅ ሲያደርግ ምስሉም ይነቃል። በገና ሌላ ጉድ ነው። ምቱ ዝግ ያለ፣ ድምፁ ወፍራም ቢሆንም፣ በክሮቹ ሥር ያሉት ቁርጥራጭ ቆዳዎች የሚፈጥሩት ንዝረት ዘንጎቹን እስከ ቀኝ ድረስ ያነሣቸዋል። ለእኔ ከዳንስ ሙዚቃው ይልቅ ይህ ያምራል።

ዘንጎቹ ለሌላም ይጠቅማሉ። ከአባትዎ ካሴት የተገለበጠ ዘፈን “ኦሪጅናል ነው” ተብሎ ተጭኖልዎት ከሆነ የስፔክትረሙን የቀኝ ጫፍ ይመልከቱ። በጣም ተጨምቆ የተቀዳ ኤምፒስሪ ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ስለሚጥል እዚያ ያሉት ዘንጎች ፈጽሞ አይነሡም። የተቆረጠውን ፋይል በትልቅ መጠን መልሶ ማስቀመጥ የጠፋውን አይመልስም። ዋናውን ካሴት አይጣሉ፤ እንደገና በደንብ ሊቀዳ ይችላል።

ስለ ልጆች ግን ቆም ብለን እናስብ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ፖኪሞን የተባለው የካርቱን ፊልም ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲያፈራርቅ 685 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉ፤ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ተቀባይነት ያለው መመዘኛ በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ምስልን አይመክርም፤ አንዳንዱ ቪዥዋላይዘር ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የቤቱን መብራት አያጥፉ፣ ልጆቹን ከስክሪኑ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ምስል ይምረጡ። ከቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ያለበት ካለ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይክፈቱት።

ልጁ ድንገት ከወደቀና ከተንቀጠቀጠ፣ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ያንሡ፣ ሰዓት ይያዙ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አያስገቡ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ከዚህ በፊት ደርሶበት የማያውቅ ከሆነ፣ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።