ወገል ጤና ላይ የቦነስ አይረስ ሰዓት

ወገል ጤና ከተማ ውስጥ አንድ የኦፓል ነጋዴ ድንጋዩን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ያነሣል። ገዢው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ርቆ ባሕር ማዶ። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲያመዛዝን በድንጋዩ ውስጥ የሚንቦገቦገው ቀይና አረንጓዴ ነጣ ብሎ ይጠፋል። ነጋዴው ግን መላውን ያውቀዋል። ስክሪኑ ላይ ድንጋዩ ያረፈበትን ቦታ በጣቱ ነካ ያደርግና ከጎኑ ብቅ የምትለውን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ይስባታል። ምስሉ ጠቆር ሲል ቀለሙ ይፈካል። ከዚያ መዳፉን ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። «ወንድሜ፣ እስኪ ትንሽ ወደ ግራ» ይላል ገዢው።

ወገል ጤና ያለችበት የደላንታ ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። የዚህ ድንጋይ ዋጋ የሚወሰነው በአብዛኛው በቀለሙ ጨዋታ ስለሆነ፣ ያቺ የፀሐይ ምልክት ለነጋዴው ከማንኛውም ሜጋፒክሰል ትበልጥበታለች። በስልክ ማስታወቂያ ላይ ግን ስሟ አይነሣም። ማስታወቂያው የሚደረድረው ቁጥር ነው።

የስልክን ነገር በቅርብ ላየ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ካሜራ እንኳ አልነበረውም። የነበረው አናቱ ላይ የተሰካ የእጅ ባትሪ፣ አቧራ የማያስገባ ባለ አንድ ወጥ ጎማ ቁልፍና ከእጅ የማያንሸራትት ጎን ነው። በዚህ ብቻ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ማታ መብራት የሚጠፋበት፣ ቀን አቧራ የሚነሣበት ሰፈር ያለ ሰው ምን እንደሚቸግረው ያሰበ ሰው የሠራው ይመስላል።

ያ ባትሪ ዛሬም ከስማርት ስልኩ አልወጣም፤ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት አንዴ በመንካት ይበራል። ላሊበላ ውስጥ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ጋ ሲደርሱ እንግዶች መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አስጎብኚዎቹ ደግሞ «አጥፉት፣ ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ኑ» ይሏቸዋል። ዋሻው የሲኦል ምሳሌ ነው ስለሚባል መብራት ይዞ ማለፍ ነገሩን ያበላሸዋል።

ባለ ሁለት ሲም ስልክም እንዲሁ ችግር የወለደው ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰው የአንዱን ኩባንያ ሲም አውጥቶ የሌላውን እየከተተ፣ በርካሹ መስመር ሲደውል ይውል ነበር። የቴክኖ ስልኮች ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን ይህንን አይቶ ሁለት ሲም በአንድ ስልክ ይዞ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ኩባንያው አንድ ብቻ ስለነበር ሁለተኛው ሲም ለብዙ ሰው ሌላ ቁጥር መያዣ ነበር። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በይፋ ሥራ ሲጀምር ነው ሁለቱ ቀዳዳዎች ሁለት ኩባንያ ያገኙት። ይኸው ትራንሽን የካሜራውን ብርሃን ለጥቁር ሰው ፊት እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከሉም ይታወቃል። ለሌላ ሰው ቆዳ የተቀመረ ካሜራ አመሻሽ ላይ አንድ ቤተሰብ አንሥቶ ጥርስና ዓይን ብቻ ያስቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቻርጀሩ ነገር አጭር ነው። የድሮው ገመድ አፍና ጀርባ ስለነበረው በጨለማ ሲታገሉት ስልኩን ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ታይፕ ሲ በየትኛውም ጎኑ ይገባል፤ ሰው ልብ ሳይለው ገላገለው።

ፊደላችን ግን በቀላሉ አልተገላገለም። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ሏ» እና «ቧ» ገና አልተቆጠሩም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙ ስልክ አማርኛውን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳይ ነበር። ዛሬ ያ ቀርቷል። የቀረው የጣት ጣጣ ነው፦ አንዱ ኪቦርድ በላቲን ድምፁን አስጽፎ ወደ ፊደል ይለውጣል፣ ሌላው «ለ»ን ሲነኩት ከ«ሉ» እስከ «ሎ» ያሉትን ዘርግቶ ያስመርጣል። ሁለቱም ከእንግሊዝኛው ይዘገያሉ። ወጣቱ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ሲልክ ቋንቋውን ንቆ ነው የሚሉ አሉ፤ ከንቀቱ ይልቅ የኪቦርዱ መዘግየት ሳይበዛ አይቀርም።

ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደግሞ መፍትሔው ሌላ ነው። ላስታ ውስጥ ያለች እናት ስልኳ ሲጮኽ የልጇ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ከታየ ማን እንደደወለ ለማወቅ ጎረቤት መጥራት አያስፈልጋትም። ፎቶውን ከስሙ ጋር ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ልጅየው መጥቶ ቢያደርግላት።

ከሁሉ የሚያስቀው የሰዓቱ ነገር ነው። ስልኩ 7 ሰዓት ሲል እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት እንላለን፤ ስድስት መቀነስ የለመደ አእምሮ እንኳ ሲቸኩል ይሳሳታል። ሰዓቱን በእጅ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንድ መተግበሪያ «የስልክዎ ሰዓት ትክክል አይደለም» ብሎ ያስቸግራል። የተሻለው ዘዴ የሰዓት ቀጠናውን ቦነስ አይረስ ማድረግ ነው። የአርጀንቲናዋ ዋና ከተማ ከኢትዮጵያ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚህ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ በስልኩ አቆጣጠር አንድ። የእንግሊዝኛው የጠዋት ምልክት የእኛ ቀን፣ የከሰዓቱ ምልክት የእኛ ሌሊት ይሆናል። ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን እንደ አገሩ ልማድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል።

ጣጣ አያጣውም፤ በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ የሚመጣ የአውሮፕላን ቀጠሮ መልሶ ስድስት መቀነስን ይጠይቃል። ለቅዳሜ ገበያ ለመነሣት ማታ ማንቂያውን ለ11 ሰዓት የሚሞላ የላሊበላ ሰው ግን ጣቱን ሳይቆጥር 11 ላይ ያደርገውና ይተኛል። እሱ ሲነሣ ስልኩ አሁንም በትናንቱ ቀን ላይ ነው።