ማሽላና የቀን ርዝመት

ከደሴ ቁልቁል በኮምቦልቻና በሐርቡ ዙሪያ በሚያዝያ የሚዘራው ነባር ማሽላ ራስ የሚያወጣው ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነው። በዚህ አካባቢ ረጅሙ ቀን በሰኔ አጋማሽ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ አጭሩ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ተክሉ ይለየዋል፤ የሚቆጥረውም በተለይ የሌሊቱን ጨለማ ነው።

ይህንን ለማኅበር አባላት ለማሳየት ነባር ማሽላ በሁለት መደብ ይዘራ። ቡቃያው ከጠነከረ በኋላ አንደኛው መደብ ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ሸራ በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ይሸፈን። ሸራው ቅጠሉን እንዳይጫነው በእንጨት ይደገፍ። የ14 ሰዓት ጨለማ ያገኘው መደብ ቀድሞ ራስ ያወጣል። የማሽላ ተመራማሪዎችም ዘግይቶ የሚያብበውን ከፈጣኑ ጋር ለማዳቀል በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ። በአንጻሩ የመንገድ መብራት ሌሊቱን የሚያበራበት ማሽላ ለምልሞ ራስ ሳያወጣ ሊቆይ ስለሚችል፣ ነባሩን ዘር ከመብራት ምሰሶ ሥር አለመዝራት ይመረጣል።

ለገበሬው ዋናው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ነባሩ ማሽላ በሐምሌ ቢዘራ አገዳው በሚገባ ሳያድግ የማበቢያው ወቅት ይደርስበታል፤ ዝናቡ በመስከረም ሲያቋርጥም ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ የሚያዝያ ዝናብ ከቀረ ዘሩን መለወጥ ይገባል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ግራና-1፣ እንዲሁም መልካም የተባለው ዝርያ ቶሎ ይደርሳሉ። ማኅበራት ነባሩንም ፈጣኑንም ዘር ከሚያዝያ በፊት በጎተራቸው እንዲያዘጋጁ እናሳስባለን።