መፋቂያ የማይደርስበት

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ፣ ከሱሉልታ አልፎ፣ ከመዲናዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጫንጮ ትገኛለች። ጠዋት ሱቅ የሚከፍት፣ ወተት የሚያስረክብ፣ መኪና የሚጠብቅ ሰው አፍ ላይ መፋቂያ አይጠፋም። ወይራ ወይም ክትክታ ተቆርጦ፣ ልጡ ተልጦ፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲሆን ጥርስን በደንብ ያጸዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል።

ችግሩ አፋፋቁ ላይ ነው። የፊት ጥርሶች በከንፈር በኩል እስኪያብረቀርቁ ይፋቃሉ፤ የታችኞቹ ጀርባ፣ በምላስ በኩል ያለው፣ ይረሳል። ከምላስ ሥር የሚመነጨው ምራቅ ማዕድን ስላለበት ደግሞ ቆሻሻው ቶሎ የሚጠጥረው እዚያው ነው። አንዴ ድንጋይ ከሆነ መፋቂያም ብሩሽም አያነሳውም፤ በባለሙያ ጥርስን ማሳጠብ ይጠይቃል።

በዚህ ቆሻሻ ድድ እስኪታመም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ዴንማርክ ውስጥ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1965 ታተመ፦ ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳኑ። እዚህ ደረጃ ላይ በሽታው ያለ መድኃኒት ይድናል። ከዚህ ካለፈ ግን ድዱ ከጥርሱ ይላቀቃል፣ በመካከሉ ኪስ ይፈጠራል፣ ጥርሱን የተሸከመው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፤ የጠፋው አጥንት ደግሞ በራሱ አይተካም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም አይሰማም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ብዙዎች ሐኪም ዘንድ ጥርሳቸው ከተነቃነቀ በኋላ የሚደርሱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት ከባድ የድድ በሽታ ያለበት ሰው በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን ገደማ ነው።

መጻሕፍት የመጀመሪያው ምልክት የድድ መቅላት ነው ይላሉ። በእኛ አገር ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ አይታይም። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ ለውበት ብለው ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የተነቀሱት የታመመ ድድ ያድናል ተብለው ነው። ንቅሳት ግን ቅላቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያድንም። ስለዚህ ቀለሙን ትተን መፋቂያው ጫፍ ላይ ያለውን ደም እንይ። አጫሽ ግን ደም ባያይም አይተማመን፤ ሲጋራ መድማቱን ይቀንሰዋል።

የድድ በሽታ ከሌላው አካል ጋር ካለው ግንኙነት እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የልብ ቫልቭ ነው። ቶንሲል አመጣሽ የልብ ሕመም በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ ዛሬም ይበረታል፤ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ከሚያክማቸውም መካከል እነዚህ ይገኙበታል። ከሚደማ ድድ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ጤነኛ ልብን አልፎ ይጠፋል። የተጎዳ ቫልቭ ሲያገኝ ግን ተጣብቆ ሊራባበት ይችላል፤ ይህም ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ኢንፌክሽን ነው። ቫልቭ ከመቀየሩ በፊት ሐኪሞች ጥርስ ይታይ የሚሉት ለዚህ ነው። ልቡን የሚታከም ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ስኳር በሽታም ከድድ ጋር በሁለት በኩል የተያያዘ ነው። ከፍ ያለ ስኳር ድድን ያዳክማል፤ የተቆጣ ድድ ደግሞ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያውካል። ከባድ የድድ በሽታ ያለበት የስኳር ሕመምተኛ ድዱን ሲታከም፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ በአማካይ በ0.4 የፐርሰንት ነጥብ ገደማ ዝቅ ይላል። የድድ በሽታ ከልብ ድካምና ከስትሮክ ጋርም አብሮ ይታያል፤ መንስኤ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ነፍሰ ጡሮች ድዳቸው ቶሎ ይደማባቸዋል፤ መታከማቸውም ጉዳት የለውም።

ብዙ ሰው ደም ሲያይ ድዱን ላለመጉዳት ብሎ መፋቅ ያቆማል። ማድረግ ያለበት ተቃራኒውን ነው፦ በለስላሳ ጫፍ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ፣ የምላሱን በኩል ጨምሮ መፋቅ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ ካልቆመ የቀረው ድንጋዩን በባለሙያ ማስነሳት ነው።