አንድ ካርታ፣ ሁለት መንገድ

ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ ካርታ ላይ የተሰመረውን መንገድ ቢከተሉ፣ በሰማይ ላይ የሚያልፉበት መስመር አንድ ይሆናልን? ብዙዎቻችን «አዎን» እንላለን። መልሱ ግን ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም።

ዘመናዊ አውሮፕላን መንገዱን የሚያሰላለት የበረራ መምሪያ ኮምፒውተር አለው። ኮምፒውተሩ የመንገዱን ነጥቦች ከመረጃ ቋቱ ያነብባል፤ ያለበትን ቦታ ከሳተላይትና ከሌሎች መሣሪያዎች ይረዳል፤ ከዚያም አውቶፓይለቱን ይመራል። መረጃው የሚጻፍበት ደንብ ኤሪንክ 424 ይባላል። በዚህ ደንብ እያንዳንዱ የጉዞ ክፍል ከ23 ዓይነቶች በአንዱ ይገለጻል። ይሁን እንጂ ደንቡ በዋናነት የሚወስነው የመረጃውን አጻጻፍ ነው፤ የስሌቱን ዝርዝር የሚቀርጸው አምራቹ ነው። አምራቾችም ከአንድ በላይ ናቸው።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመታጠፊያ ላይ ነው። አውሮፕላን በአብዛኛው ነጥቡ ላይ ሳይደርስ መታጠፍ ይጀምራል። የመታጠፊያውን ራዲየስ ለማግኘት ፍጥነቱን በራሱ አባዝተን፣ ውጤቱን ለመሬት ስበት ሽምጠትና ለማዘንበያው ዘዌ ታንጀንት ብዜት እናካፍላለን። በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር የሚበርሩ ሁለት አውሮፕላኖችን እንውሰድ። የአንዱ ኮምፒውተር 25 ዲግሪ፣ የሌላው 15 ዲግሪ እንዲያዘነብል ቢያዝዝ፣ ራዲየሳቸው እንደ ቅደም ተከተሉ 3.4 እና 5.9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ ከሆነ፣ በማዕዘኑ አጠገብ ሁለቱ መስመሮች አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ።

ከፍታም ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በአዲስ አበባው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አየሩ ስስ ነው። በመሆኑም የፍጥነት መለኪያው ያው ቁጥር ቢያሳይም፣ እውነተኛው ፍጥነት በባሕር ወለል ካለው በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ራዲየሱም በአንድ አራተኛ ያህል ይሰፋል።

ሌላው ምክንያት «ይህ ከፍታ እስኪደረስ ቀጥል» የሚለው ትእዛዝ ነው። ቀላል አውሮፕላን ቶሎ ይደርሳል፤ ከባዱ ግን ርቆ ሄዶ ይታጠፋል። በተጨማሪም ኮምፒውተሮቹ የኮምፓስ ሰሜንን ከእውነተኛው ሰሜን የሚያስተካክሉበት ሠንጠረዥ ዘመኑ ከተለያየ፣ በኮምፓስ አቅጣጫ በሚገለጽ የጉዞ ክፍል ላይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስታል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አውሮፕላኖችን አራርቆ የሚያስተናግደው መንገዳቸውን አስቀድሞ በመገመት ነው። በተራሮች መካከልም ስሕተት ቦታ የለውም። በአላስካ የምትገኘው ጁኖ ለዚህ ምሳሌ ናት፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በዚያ ጠባብ የተራሮች መተላለፊያ ውስጥ በኮምፒውተር ትክክለኛነት የሚመራ የማረፊያ በረራ ተጀምሯል።

መፍትሔው የቅስቱን ማእከልና ራዲየስ በመረጃው ውስጥ አብሮ መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቅስቱን ራሱ አይመርጥም፤ የማዘንበያውን ዘዌ እንደ ፍጥነቱና እንደ ነፋሱ እየለዋወጠ የተሰጠውን ይከተላል። ሁሉም ኮምፒውተሮች ግን ይህን ዓይነት ትእዛዝ መፈጸም አይችሉም። ስለዚህ የመንገድ ቀያሾች መስመር ከማውጣታቸው በፊት በዚያ የሚያልፉት አውሮፕላኖች ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደ ያዙ ማወቅ ይኖርባቸዋል።