ፈረስን በኮሌጅ የተማረ ሰው ለነጋዴው ምን ይጠቅማል?

ከካምፓላ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሉዚራ ውስጥ የሚገኘው የፖርት ቤል ወደብ ወደ ሙዋንዛና ወደ ኪሱሙ የሚሻገር ጭነት ይነሣበታል። በዚህ ሐይቅ ዳር ፈረስ ማየት ግን ብርቅ ነው። ምክንያቱ የገበያ ብቻ ሳይሆን የባዮሎጂም ነው።

ወደቡ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ኡጋንዳን ማስተዳደር ከጀመሩት እንግሊዛዊ ሹም ከሄስኬት ቤል ነው። ያን ጊዜ የእንቅልፍ በሽታ የቪክቶሪያን ዳርቻ ሕዝብ ይፈጅ ስለነበር፣ ቤል ነዋሪው ከሐይቁ ዳር እንዲለቅ አደረጉ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጼጼ ዝንብ መሆኑን ዴቪድ ብሩስ በ1903 ኢንቴቤ ላይ አሳይቶ ነበር። ለዚህ የረዳው ቀደም ሲል በዙሉላንድ ከብትና ፈረስ የሚገድለውን ተመሳሳይ በሽታ ማጥናቱ ነው። በኢትዮጵያ ይህ የእንስሳት በሽታ ገንዲ ይባላል።

ትምህርቱ የት ይገኛል?

ፈረስን ማጥናት የሚሻ ወጣት ካምፓላ ውስጥ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በ1979 ቢሾፍቱ ላይ በተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊማር ይችላል። የፈረስ ነገር የሚሰጠው በአጠቃላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ውስጥ ነው። ልዩነቱ ልምምዱ ላይ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ፈረስ ጥቂት ነው፤ አህያም በብዛት የሚገኘው እንደ ካራሞጃና ካፕቾርዋ ባሉ አካባቢዎች ነው። ኢትዮጵያ ግን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስና በዓለም ከፍተኛው የአህያ ቁጥር አላት። የቢሾፍቱ ተማሪ የጋሪ ፈረስ እግር ላይ በተርታ የሚወጣውን፣ በፈንገስ የሚመጣ ቁስል ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከመንገድ ላይም ያውቀዋል።

ዕውቀቱ ወደ ገንዘብ ሲመነዘር

መጀመሪያ ዕድሜ ነው። የፈረስ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ የፊት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዮቹ በ3 ዓመት ተኩል፣ የመጨረሻዎቹ በ4 ዓመት ተኩል ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ የሚገመተው ከጥርሱ መበላት ነው። «የ5 ዓመት ነው» ተብሎ የተሸጠ የ12 ዓመት ፈረስ ኪሳራው የገዢው ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ከረጅም መንገድ በኋላ በድንገት የተለወጠ መኖ ወይም የውኃ እጦት ቁርጠት ያስነሣበታል፤ ቁርጠቱም ሊገድለው ይችላል።

ሦስተኛውና ከባዱ በሽታ ነው። ገንዲን ዝንብ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ከደጋ የተገዛ ፈረስ ወደ ሐይቅ ዳር ሲወርድ ለአደጋ ይጋለጣል። የገንዲ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዱሪን ግን ዝንብ አያሻውም፤ በጥቂ ጊዜ ከድንጉላ ወደ ባዝራ፣ ከባዝራም ወደ ድንጉላ ይተላለፋል። በአርሲና በባሌ ደጋ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ክትባት የለውም። የታመመው እንስሳ ለጊዜው ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል በዓይን ማየት አያስተማምንም፤ ደም ማስመርመር ያስፈልጋል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፤ መከላከያ ከሌላቸው ፈረሶች ከመቶ እስከ 90 ሊገድል ይችላል። የቫይረሱ ዓይነት 9 ስለሆነ የአንዱ ክትባት ከሁሉም ይጠብቃል ማለት አይደለም።

አህያን በተመለከተ ሥነ ተዋልዶው ራሱ ለገበያው ወሰን ያበጅለታል። አህያ 12 ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው። ለቆዳ የሚታረደው በዚህ ፍጥነት አይተካም። የአፍሪካ ኅብረት በየካቲት 2024 አህያን ለቆዳ ማረድ እንዲታገድ የወሰነውም ቁጥሩ እየተመናመነ በመሄዱ ነው።

ከመክፈል በፊት

ፈረስ ወይም በቅሎ ድንበር ሊያሻግር ያሰበ ነጋዴ ፈረስ በብዛት ያከመ ሐኪም ይፈልግ። ጥርሱን አብረው ይዩ። ለርቢ የሚሄድ ድንጉላ ወይም ባዝራ ከሆነ የዱሪን ምርመራ ውጤት ሳይያዝ ቀብድ አይከፈል። የክትባቱን ቀንና ዓይነት በጽሑፍ ይቀበል። መድረሻው ጼጼ ዝንብ ያለበት ቆላ ወይም ሐይቅ ዳር ከሆነም የገንዲ መከላከያና የሕክምና ወጪው አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይታሰብ። ይህ ወጪ ተደምሮ ትርፍ ካልተረፈ ያ ፈረስ ደጋው ላይ ቢቀር ይሻላል።