በመስመሮች መካከል ያለው ጊዜ፦ የማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ የከርነል ድራይቨር እንዴት ይገመገማል?

ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ ትንሽ ነው። በእጅ ስልካችሁ ጎን ያለችውን የማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ የሚያነበው የከርነል ድራይቨር ጥቂት መቶ መስመሮች ብቻ ያሉት ኮድ ነው። እንዲህ ያለ ኮድ ለግምገማ ሲቀርብ ብዙ ሰው ዐይኑን ጣል አድርጎበት ያልፋል፤ «ተጫነ፣ ተለቀቀ» ከማለት ሌላ ምን ሥራ አለው ይባላል። እኔ ግን የኮድ ግምገማን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኮዱ ባንድ ተቀምጦ የሚነበብ ሲሆን፣ የሚያስነሣቸው ጥያቄዎች ግን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርትን ከዳር እስከ ዳር ይነካሉ።

በቅድሚያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ልግለጽ። ይህች ቁልፍ ለተጠቃሚው የመጨረሻዋ መማጸኛ ናት። ስክሪኑ ደርቆ ሲቀር፣ ማሽኑ አልታዘዝ ሲል፣ እጃችን የሚሄደው ወደ እርሷ ነው። አንድ ጊዜ ተጭነናት መልስ ካጣን ደግመን እንጫናለን፤ አሁንም መልስ ካጣን ተጭነን እንይዛታለን። ተጭኖ መያዝ ግን ከመጫን የተለየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ የወጣው ኤሲፒአይ የተባለው የኮምፒውተሮች መስፈርት እንደሚለው፣ ቁልፉ ከ4 ሰከንድ በላይ ሲያዝ ሃርድዌሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሳያማክር ማሽኑን ያጠፋል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፤ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል በከፊል ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ በድራይቨሩ ውስጥ ጠፍታ የቀረች አንዲት አጭር ንክኪ ሰውን ወደዚህ አጥፊ መንገድ ትገፋዋለች። ገምጋሚው የሚጠብቀው ይህን ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ እውነተኛ ድራይቨር እንያዝ። የኳልኮም ኩባንያ ፒኤም8941 ያለው ቺፕ በስልክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይልን የሚያከፋፍልና የሚቆጣጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ኔክሰስ 5 ስልክ ውስጥም ይገኛል። የማብሪያ ቁልፏ የተያያዘችው ከዚህ ቺፕ ጋር ነው። ቁልፏ ስትጫንም ሆነ ስትለቀቅ ቺፑ ኢንተራፕት ይልካል። ኢንተራፕቱ «አንድ ነገር ተለውጧል» ከማለት በቀር ምን እንደተለወጠ አይናገርም። ድራይቨሩ ሁለት ሽቦ ባለው የመረጃ መስመር ወደ ቺፑ ሄዶ የሁኔታ ሬጅስተሩን ያነባል፤ ቢቱ 1 ከሆነ ቁልፏ ተጭናለች፣ 0 ከሆነ ተለቅቃለች። ይህንኑ ለሊኑክስ የግብአት ክፍለ ሥርዓት ያስታውቃል፤ የማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ በዚያ የምትታወቀው በ116 ቁጥር ነው።

ይህን ኮድ እንዴት እናንብበው? በአብነት ትምህርት ቤት የትርጓሜ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ ያመጣል። ገምጋሚም ሬጅስተሩ የሚነበብበትን መስመር ይዞ እንዲሁ ማድረግ አለበት። በዚያ ቅጽበት ጣቱ ቁልፏ ላይ ነው፤ አንድም ጣቱ ተነሥቷል፤ አንድም ማሽኑ ገና ከእንቅልፉ አልነቃም፤ አንድም ድራይቨሩ ራሱ በመነሣት ወይም በመውረድ ላይ ነው። አራቱን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ንባብ ቀላሉ ነው፤ ጣቱ ቁልፏ ላይ ነው። ያም ሆኖ ንባቡ የት እንደሚካሄድ መጠየቅ ይገባል። ኢንተራፕት ሲመጣ ማቀነባበሪያው የያዘውን ሥራ አቋርጦ ይሄዳል፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ የሚሠራ ኮድ መጠበቅ፣ በከርነል ቋንቋ መተኛት፣ አይፈቀድለትም። ወደ ኃይል ቺፑ የሚወስደው መስመር ግን ዝግ ያለና ተራ የሚያስጠብቅ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ሥራውን መተኛት ለሚፈቀድለት ትሬድ ያስተላልፋል። ገምጋሚው እዚህ ላይ «ዋንሾት» የተባለውን ምልክት ይፈልጋል፤ ምልክቱ ትሬዱ ሥራውን እስኪጨርስ የኢንተራፕቱ መስመር ተዘግቶ እንዲቆይ ያዛል። ምልክቱ ከሌለና ምክንያቱ እስኪወገድ ድረስ መጣራቱን የማያቋርጥ ዓይነት ኢንተራፕት ከሆነ፣ መስመሩ ያለጊዜው ይከፈታል፤ ጥሪው ይደጋገማል፤ ትሬዱም ምክንያቱን የሚያስወግድበት ፋታ ያጣል።

ሁለተኛው ንባብ የነገሩ ልብ ነው። ተጠቃሚው ቁልፏን ነካ አድርጎ ለቀቃት። ትሬዱ ተራው እስኪደርሰው ትንሽ ጊዜ አለፈ። ሬጅስተሩን ሲያነብ ቢቱ 0 ነው። ድራይቨሩ ያነበበውን አምኖ «ተለቅቃለች» ብሎ ያስታውቃል። የግብአት ክፍለ ሥርዓቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ቁልፍ የመጨረሻ ሁኔታ መዝግቦ ይይዛል፤ ከመዝገቡ የማይለይ መልእክት ሲመጣለት ወደ ላይ አያስተላልፈውም። መዝገቡ ቀድሞውንም «ተለቅቃለች» ይላልና መልእክቱ እዚያው ይቀራል።

ልብ በሉ፤ ሃርድዌሩ አልዋሸም፣ ድራይቨሩ ያየውን ተናግሯል፣ ክፍለ ሥርዓቱም ድግግሞሽን ማስቀረቱ ተገቢ ነው። ሦስቱም ትክክል ሆነው ሳለ የሰውዬው ድርጊት ጠፋ። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ የሚመረምር ገምጋሚ ይህን ጉድለት ፈልጎ አያገኘውም፤ ጉድለቱ ያለው በመስመሮቹ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው በሚያልፈው ጊዜ ውስጥ ነውና።

የፒኤም8941 ድራይቨር በኋላ በተጨመረለት ማሻሻያ ለዚህ መልስ አለው። የመጨረሻውን ንባብ ያስታውሳል፤ ያለፈውም የአሁኑም ንባብ 0 ከሆነ፣ ኢንተራፕቱ ያለ ምክንያት አልመጣምና በመካከል መጫን ነበረ ብሎ ይደመድማል። መጀመሪያ «ተጭናለች» ብሎ ያስታውቅና የማመሳሰያ ምልክት ይልካል፤ ከዚያ «ተለቅቃለች» ብሎ ዳግመኛ ያመሳስላል። የመካከለኛዋ ማመሳሰያ ትርፍ አይደለችም። እርሷ ባትኖር ሁለቱ ኩነቶች በአንድ ጥቅል ይገባሉ፤ ከላይ ያለው ፕሮግራምም በአንድ ቅጽበት እንደተፈጸሙ ሊቆጥራቸው ይችላል።

ሦስተኛው ንባብ የእንቅልፍ ነው። ማሽኑ ተኝቷል፤ ቁልፏ ልትቀሰቅሰው ነው። ተገቢው አሠራር ድራይቨሩ ቁልፏ መቀስቀስ እንደምትችል ለከርነሉ ማሳወቁ፣ ማሽኑ ሊተኛ ሲል ለኢንተራፕቷ የመቀስቀስ ፈቃድ መስጠቱ፣ ሲነቃም ፈቃዱን መመለሱ ነው። አንዳንዴ ግን በዚህ ፈንታ ኢንተራፕቱ በእንቅልፍ ጊዜም ጨርሶ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ምልክት ተለጥፎ ይገኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ይህ ጥሪ ሲመጣ ማሽኑን ቀስቅስ» ይላል፤ ሁለተኛው «ማሽኑ ተኝቶ ሳለም የጥሪ ተቀባዩን አሂድ» ይላል። ተቀባዩ በዚያ ሰዓት ቢሄድ ወደ ቺፑ የሚያደርሰው የመረጃ መስመር ራሱ ተኝቶ ሊያገኘው ይችላል፤ ንባቡም ይከሽፋል። የከርነሉ ሰነድ ሁለቱን ለአንድ መሣሪያ አጣምሮ መጠቀም ተገቢ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል።

አራተኛው ንባብ መነሣትንና መውረድን ይመለከታል። ድራይቨሩ ሲነሣ አስቀድሞ የግብአት መሣሪያውን መፍጠር፣ ቀጥሎ ኢንተራፕቱን መጠየቅ አለበት። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና በዚያች ቅጽበት ጥሪ ቢመጣ፣ ተቀባዩ ገና ያልተፈጠረ መሣሪያ ይጠራል፤ ከርነሉም ይወድቃል። ይህ የማይሆን ነገር አይምሰላችሁ፤ ስልኩን ያበራው ያው ጣት ገና ከቁልፏ ላይ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። መውረዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ከርነሉ ለድራይቨሩ የሰጠውን ንብረት በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል በራሱ የሚለቅበት አሠራር አለው፤ ሁሉም በዚህ ከተያዘ መልካም ነው። የሚያሰጋው ቅልቅሉ ነው። ኢንተራፕቱ በራሱ የሚለቀቅ፣ መሣሪያው ግን በእጅ የሚለቀቅ ከሆነ፣ መሣሪያው ቀድሞ ይጠፋና ኢንተራፕቱ ሕያው ሆኖ ይቀራል።

ከአራቱ ንባቦች በተጨማሪ ቁጥሮችንም በእርሳስ መፈተሽ ያስፈልጋል። የቁልፍ ብረቶች ሲገናኙ ለአፍታ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዱ መጫን ብዙ መስሎ ይታያል። ቺፑ ንቅጥቅጡን የሚያሳልፍበት የመታገሻ ጊዜ አለው። ድራይቨሩ ይህን ጊዜ ዲቫይስ ትሪ ከተባለው የሃርድዌር መግለጫ በማይክሮ ሰከንድ ይቀበላል፤ ካልተሰጠው 15625 ይወስዳል፤ ይህም የሰከንድ 64ኛ እጅ ነው። ቀጥሎ ቁጥሩን በ64 አባዝቶ ለ1,000,000 ያካፍላል፤ የውጤቱን ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ይወስዳል። ለ15625 ውጤቱ 0፣ ለሁለት ሰከንድ ደግሞ 7 ነው።

አሁን 20000 እንስጠው። 1.28 ይመጣል፤ በሙሉ ቁጥር 1፣ ሎጋሪዝሙ 0። ጠያቂው 20 ሚሊ ሰከንድ ፈልጎ ከ16 ያነሰ አገኘ ማለት ነው፤ ይህ በሰነዱ ላይ መገለጽ አለበት። 10000 ብንሰጠውስ? 640,000 ለ1,000,000 ሲካፈል በሙሉ ቁጥር 0 ነው፤ የ0 ሎጋሪዝም ደግሞ የለም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ስሌት ፊት «ዜሮና ከሁለት ሰከንድ በላይ ክልክል ነው» የሚል ማጣሪያ ብቻ ቢቆም አይበቃም፤ የታችኛው ወሰን በእርግጥ የት እንደሆነ ገምጋሚው መጠየቅ አለበት። ይህን ለማግኘት ስልኩም ቺፑም አላስፈለጉንም።

መጨረሻ ላይ የምፈልገው በኮዱ ውስጥ መኖር የሌለበትን ነው። ቁልፏ ስትጫን ማሽኑን ራሱ የሚያጠፋ ድራይቨር ቢቀርብላችሁ መልሱት። ይህችው ቁልፍ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በአጭሩ ስትጫን ስክሪኑን ታጠፋለች ወይም ታበራለች፤ ሲስተምዲ በሚያስተዳድረው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ፣ ባለቤቱ ሌላ ካላዘዘ፣ ማሽኑን በሥርዓቱ ታዘጋለች። ውሳኔው የባለቤቱ ነው። ድራይቨሩ መልእክተኛ ነውና መልእክቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያድርስ።

ይህን ሁሉ የፈተሸ ሰው በሊኑክስ ልማድ ከማሻሻያው ሥር «ገምግሜዋለሁ» ብሎ ስሙን ያኖራል። የከርነሉ ሰነድ የዚህን ፊርማ ትርጉም በጥንቃቄ ወስኖታል። ፈራሚው ኮዱ በማንኛውም ሁኔታ እንደሚሠራ ዋስ አይሆንም፤ ነገር ግን ቴክኒካዊ ምርመራ ማድረጉን፣ ያገኘውን ችግር ለጸሐፊው ማሳወቁንና ባገኘው መልስ መርካቱን፣ ኮዱ ወደ ከርነሉ ቢገባ የሚያግድ ከባድ ጉድለት እንዳላየበት ይመሰክራል። «ሞክሬዋለሁ» የሚለው ፊርማ ሌላ ነው። ሙከራ የሚነግረን በዚያ ቀን፣ በዚያ ማሽን ላይ ምን እንደሆነ ነው፤ ያየናት የጠፋች ንክኪ በመቶ ሙከራ አንዴም ላትታይ ትችላለች። በማንበብ ብቻ የሚገኝ ጉድለት ያነበበ ሰው ከሌለ ሳይገኝ ይቀራል።

ውድ ተማሪዎች፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ትንሽ ኮድ ነው ብሎ መቸኮል ኋላ ለቀማ ያመጣል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ለቃሚው እኛ ሳንሆን ፋይሉ የጠፋበት ሰው ነው። ነገ የጓደኛችሁን ኮድ ስትቀበሉ በእያንዳንዱ የሃርድዌር ንባብ ላይ ቆማችሁ «አንድም» በሉ፤ ያላችሁትንም ለጸሐፊው በትሕትናና በግልጽ ጻፉለት። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።