ሸላሚው ኩባንያ ምን ያተርፋል?

25 ሺህ ዶላር የላቦራቶሪ ዕቃ አምርቶ ለዓለም ለሚሸጠው ኤፐንዶርፍ ኩባንያ ሽርፍራፊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ገና ስሙ ላልታወቀ ወጣት ተመራማሪ ግን ብዙ ነው፡፡ የሃምቡርጉ ኩባንያ «ሳይንስ» ከተባለው የአሜሪካ መጽሔት ጋር በ2002 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የጀመረው የነርቭ ምርምር ሽልማት ዕድሜያቸው ከ35 ላልበለጠ ሳይንቲስቶች የሚሰጥ ነው፡፡ የዳኞቹን ጉባኤ የሚመራው የመጽሔቱ አዘጋጅ እንጂ የኩባንያው ሰው አይደለም፡፡ የአሸናፊው ጽሑፍ በመጽሔቱ ይወጣል፤ ይህ ለሳይንቲስት ከገንዘቡ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፡፡

በ2015 የተሸለመው ሺገኪ ዋታናቤ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ዘዴ አወጣ፡፡ የነርቭ ሕዋሱን በብርሃን ይቀሰቅሱታል፤ በቅጽበት በከፍተኛ ግፊት ያቀዘቅዙታል፤ ከዚያም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩታል፡፡ ሕዋሱ መልእክት ከላከ በኋላ የመልእክት ከረጢቱን ሽፋን መልሶ ለመሰብሰብ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል በሚለው ላይ ሊቃውንት ለዓመታት ተከራክረዋል፡፡ አንዱ ወገን 20 ሰከንድ ገደማ ሲል ሌላው 1 ሰከንድ ገደማ ይል ነበር፡፡ አዲሱ ዘዴ ያሳየው ግን የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል የሚፈጅ፣ ከሁለቱም የፈጠነ መንገድ መኖሩን ነው፡፡

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፡፡ ኤፐንዶርፍ በ1945 በሃምቡርግ ኤፐንዶርፍ ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመ ነው፡፡ ትልቁን ገበያ ያስገኘለት ዕቃ ግን የተፈጠረው ሌላ ከተማ ነው፡፡ የማርቡርጉ ሐኪም ሃይንሪሽ ሽኒትገር ፈሳሽን በመስታወት ቱቦ በአፍ እየሳቡ መለካት ሰልችቶት፣ በ1957 በአውራ ጣት የሚጫን ባለ ሞላ ፒፔት ሠራ፡፡ ኩባንያው መብቱን ወስዶ ከ1961 ጀምሮ ለገበያ አቀረበው፡፡ ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው የዕቃውን ጫፍ ነው፡፡ ፒፔቱ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል፤ የፕላስቲክ ጫፉ ግን አንድ ናሙና ነክቶ ይጣላል፡፡ ማተሚያ የገዛ ሰው ለቀለም ሲመላለስ እንደሚኖረው ማለት ነው፡፡

እንግዲህ የዛሬው የ35 ዓመት ተወዳዳሪ ነገ የላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኖ የግዢ ወረቀት የሚፈርም ሰው ነው፡፡ አሸናፊው አንድ ቢሆንም ማመልከቻ ሲሞሉ የኩባንያውን ስም ደጋግመው የሚጽፉት ብዙዎች ናቸው፡፡ ይህ የጸሐፊው ግምት እንጂ ኩባንያው የተናገረው አይደለም፤ ሆኖም በ25 ሺህ ዶላር ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ መግዛት የሚቻል አይመስልም፡፡

አንድ የምርምር ዘዴ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ ለሚሻ ኢንቨስተር ግን የሽልማት ገንዘብ መለኪያ አይሆንም፡፡ በካሊፎርኒያው ሴተስ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ኬሪ ሙሊስ በ1983 ፒሲአር የተባለውን፣ በ2020 ዓለም ለኮሮና ምርመራ የተጠቀመበትን ዘረመል የማባዣ ዘዴ አፈለቀ፡፡ ኩባንያው 10 ሺህ ዶላር ጉርሻ ሰጠው፡፡ በ1991 የፒሲአር መብት ለስዊዘርላንዱ ሆፍማን ላ ሮሽ በ300 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፡፡ የፈጣሪው ጉርሻ ከሽያጩ 30 ሺህ እጅ አንዱ መሆኑ ነው፡፡ ሙሊስ በ1993 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ሴተስ ራሱን የቻለ ኩባንያ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቺሮን ገዝቶት ነበር፡፡